ስለ ሴቶች ሥዕል በምዕራባውያን ዘንድ መለወጥና በእኛ ቤተ ክርስቲያን ስላለው ሥርዓት

ሥዕል ፊደል ላልቈጠረ ሰው መጽሐፍ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬም ሆነ ፊደል ያልጀመረ ሕፃን ወደ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕላት ሲመለከት የጌታን ልደትና ስቅለት፣ የእመቤታችንን ክብር፣ የሰማዕታትን ተጋድሎ በዐይኑ ይማራል። ስለዚህ ሠዓሊ ማለት መምህር ማለት ነው፤ መምህር ከሆነም ዘንድ ትምህርቱ የቀና መሆኑና አለመሆኑ ሊመረመር ይገባዋል። ሰባኪው በዐውደ ምሕረት ቆሞ የተናገረውን ቃል የሚመረምሩ ሊቃውንት አሉን። ሥዕሉ ቀንና ሌሊት የሚናገረውን ግን ቆም ብሎ የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው።

ይህን ትምህርት ለመጻፍ ያነሣሣን በኢሉባቦር፣ በሁሩሙና በመቱ እንዲሁም በአካባቢው ባሉት ከተሞች በምእመናን ቤትና በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ተሰቅለው የሚታዩት የታተሙ ሥዕላት ናቸው። የዚህ ሀገር አብያተ ክርስቲያናት እንደ ጎንደርና እንደ ጣና ገዳማት ብዙ መቶ ዓመታት ያስቈጠሩ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ራስ ተሰማ ናደው ጎሬ ላይ ተቀምጠው ሀገሩን ያስተዳድሩ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ የተተከሉ ናቸው። የሥዕል ትምህርት ካለባቸው ከጥንቶቹ አድባራት በጣም የራቁ ናቸው። አየሩም እርጥብ ነው፤ ዝናቡ ከሀገራችን ክፍሎች ሁሉ ከሚበዛባቸው አንዱ ስለ ሆነ በአቡጀዲ ላይ ተሥሎ በግድግዳ የተለጠፈ ሥዕል ብዙ ክረምት ሳያልፍበት ይላጣል። የታተመው ወረቀት ግን በመስተዋት ተከቶ ይሰነብታል፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ስለዚህ ስእለቷ የሰመረላት እናት የእመቤታችንን ሥዕል ከገበያ ገዝታ ይዛ ትመጣለች፤ ካህኑም ባርኮ ይቀበላታል። የእናቲቱ እምነት የተመሰገነ ነው። ነገር ግን በዚያ ወረቀት ላይ ያለችውን ሴት መጀመሪያ ማን ሣላት? ለማንስ ተሣለች? ከሥዕላቱ መካከል ብዙዎቹ መሠረታቸው ከኢጣልያና ከፈረንሳይ ሠዓልያን እጅ የወጣ ስለ ሆነ፣ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ሰው በምዕራቡ ዓለም የሴቶች ሥዕል እንዴት እየተለወጠ እንደ መጣ ማወቅ ያስፈልገዋል።

ከዚህ በታች ስለ ምዕራባውያን ሥራዎች የምንጠቅሰው ዘመን በእነርሱ አቈጣጠር ነው፤ ስለ ሀገራችን የምንጠቅሰው ግን ዓ.ም. የሚል ተጨምሮበት በእኛ አቈጣጠር ነው።

በመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ክርስቲያኖች በሮማ ከምድር በታች በሚገኙት የመቃብር ዋሻዎች ግድግዳ ላይ ሴቶችን ሲሥሉ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ቆመው ሲጸልዩ አድርገው ይሥሏቸው ነበር። የጵርስቅላ በተባለው ዋሻ ውስጥ ልጇን የታቀፈች እናት ተሥላ ትገኛለች። በ431 በኤፌሶን የተሰበሰቡት አባቶች እመቤታችን ወላዲተ አምላክ መሆኗን ካጸኑ በኋላ በሮማ በስሟ በታነጸው በታላቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንደ ንግሥት ለብሳና አጊጣ በጠጠር ንድፍ ተሣለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የምሥራቅና የምዕራብ ሥዕል በብዙ ነገር ይመሳሰል ነበር። የቅድስቲቱ ሴት ዐይኖች ሰፊዎች ናቸው፤ በፊቷ የቆመውን ሰው ትመለከታለች። ሰውየው ሊለምን እንጂ ሊመለከታት የመጣ አይደለም። ይህ ነገር ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን በሥዕሉ ዘንድ የሚመለከተው ማን ነው? የሚታየውስ ማን ነው? የሚለውን ጥያቄ አንባቢው እንዲያስበው እንለምናለን፤ የሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ የሚዞረው በዚሁ ዙሪያ ነውና።

በ1310 አካባቢ የፍሎሬንሱ ሠዓሊ ጆቶ እመቤታችንን በዙፋን ተቀምጣ በሣላት ጊዜ ከልብሷ በታች ክብደት ያለው የሰው አካል እንዳለ አሳየ። ይህን እኛ አንነቅፈውም። ጌታ ሥጋ የለበሰው ከእርሷ በእውነት እንጂ በምትሐት አይደለምና፣ እናቱም በእውነት ሰው መሆኗን የሚያሳይ ሥዕል ሃይማኖትን አይቃወምም። ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ሠዓልያን ቅዱሳንን ለመሣል በሕይወት ያሉ ሰዎችን ከፊታቸው አስቀምጠው መልካቸውን መቅዳት በጀመሩ ጊዜ ነው። በዚህ ልማድ የቅድስቲቱ መልክ የአንዲት የታወቀች ሴት መልክ ሆነ፤ ያቺም ሴት ብዙ ጊዜ የምትመረጠው በቅድስናዋ ሳይሆን በቁንጅናዋ ነበር።

ለዚህ ከሁሉ የሚያስደነግጠው ምሳሌ ፈረንሳዊው ዣን ፉኬ በ1452 አካባቢ የሣለው ሥዕል ነው። እመቤታችን በዙፋን ተቀምጣ አንዱ ጡቷ ከልብሷ ወጥቶ ይታያል፤ ልጇ ግን አይጠባም፤ ፊቱንም ወደ ሌላ አዙሯል። መልኳም የፈረንሳይ ንጉሥ የሻርል 7ኛ ዕቁባት የነበረችው የአኜስ ሶሬል መልክ ነው ተብሎ ከጥንት ጀምሮ ይነገራል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይተን ማስረዳት ይገባናል። ነውሩ ጡት መታየቱ አይደለም። በግብፅ በሳቃራ በነበረው በአባ ኤርምያስ ገዳም፣ በመነኮሳት ማደሪያ ግድግዳ ላይ እመቤታችን ልጇን ስታጠባ ተሥላለች፤ መነኮሳቱም በፊቷ ይጸልዩ ነበር። ዓለማትን የሚመግብ አምላክ ከድንግል ጡት መመገቡ ሰውነቱን የሚያረጋግጥ ምሥጢር ነውና። በሳቃራ ያለው ጡት ለልጁ ነው፤ በፉኬ ሥዕል ያለው ግን ለተመልካቹ ነው።

የሮማ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ነገሩ ከልክ ማለፉን አላጣችውም። በ1563 በትሬንት የተሰበሰበው ጉባኤዋ ቅዱሳት ሥዕላት ወደ ዝሙት በሚያሳስብ ውበት እንዳይሣሉ ወሰነ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሚካኤል አንጄሎ በሮማ በሣለው በመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ላይ ላሉት ራቁታቸውን ለተሣሉ ሰዎች ልብስ እንዲጨመርላቸው ተደረገ። ነገር ግን ልብስ መጨመር ዐይንን አያድንም። ሠዓልያኑም የቅዱሳት መጻሕፍትን ታሪክ መሸፈኛ አድርገው የባለጸጎች ዐይን የሚፈልገውን መሣል አልተዉም። ይህንንም ከሶስና ሥዕል ይልቅ የሚገልጥልን የለም።

የሶስናን ታሪክ የማያውቅ ካህን የለም። በአትክልቷ ቦታ ልትታጠብ ስትወርድ ሁለት ሽማግሎች ተሸሽገው ተመለከቷት፤ ፈቃዳቸውን እንድትፈጽም አስገደዷት፤ እንቢ ባለቻቸው ጊዜ በሐሰት መሰከሩባት፤ ሞት ተፈረደባት፤ እግዚአብሔርም የወጣቱን የዳንኤልን መንፈስ አንሥቶ አዳናት። በ1555 አካባቢ የቬኔስያው ቲንቶሬቶ ይህን ታሪክ ሣለ። በሥዕሉ ውስጥ ሶስና ራቁቷን ተቀምጣለች፤ በፊቷ መስተዋት ተደግፎ ቆሟል፤ ጌጧና ማበጠሪያዋ በአጠገቧ ተበትኗል፤ እርሷም በመስተዋቱ ውስጥ የራሷን ውበት እያየች ረክታለች። ሽማግሎቹ ከአጥሩ በስተኋላ አጮልቀው ያያሉ፤ ሥዕሉን የሚመለከተውም ሰው በአጥሩ በዚህኛው በኩል ቆሞ እንደ እነርሱ ያያል። መጽሐፉ ስለ መስተዋትም ስለ ጌጥም የተናገረው የለም። እግዚአብሔርን የምትፈራ የተባለችውን ሴት ሠዓሊው ራሷን የምታደንቅ ሴት አደረጋት፤ እንግዲህ ሽማግሎቹ ቢመለከቷት ምን ይደንቃል የሚል ሐሳብ በተመልካቹ ልብ ውስጥ ዘራ። ሐሰተኛ ምስክርነት ማለት ይህ ነው።

መጽሐፉ በአንድ ቦታ የሚናገረውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው እናልፋለን። ሶስና ወደ ሸንጎ በቀረበች ጊዜ ተሸፍና ነበር፤ እነዚያ ዐመፀኞችም በውበቷ እንዲጠግቡ መሸፈኛዋ እንዲገለጥ አዘዙ። ይህ ከኀጢአታቸው ጋር ተቈጥሮ የተጻፈ ነው። በሕዝብና በዘመዶቿ ፊት፣ በፍርድ ስም፣ ሕግን በመጠቀም የተፈጸመ ገፈፋ ነው። በቬኔስያም ሆነ በሌሎች የምዕራብ ከተሞች ሶስናን እየደጋገሙ ራቁቷን የሣሉት ሰዎች የቅዱስ መጽሐፍን ስም ይዘው ያንኑ የሽማግሎቹን ትእዛዝ ፈጸሙ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህንኑ ታሪክ በ1610 አንዲት የ17 ዓመት ልጅ በሮማ ሣለችው። ስሟ አርጤሚስያ ጀንቲሌስኪ ይባላል፤ የሠዓሊ ልጅ ነበረች፤ ሙያውንም ከአባቷ ተማረች። በእርሷ ሥዕል ውስጥ አትክልትም መስተዋትም የለም። ሶስና በድንጋይ መቀመጫ ላይ ተጨንቃ ሰውነቷን ጠምዝዛለች፤ ፊቷን አዙራ በሁለት እጇ ትከላከላለች፤ ሽማግሎቹ ከግንቡ በላይ ተደርበው ወደ እርሷ ጐንበስ ብለዋል፤ አንዱም ዝም በዪ ለማለት ጣቱን በአፉ ላይ አድርጓል። አርጤሚስያም ሶስናን አልሸፈነቻትም፤ በዚህ ረገድ የዘመኗ ልማድ ይዟታል፤ የእኛም ቤተ ክርስቲያን እንዲህ ያለውን ሥዕል በመቅደስ አትሰቅልም። ነገር ግን የሴቲቱ ጭንቀት ከመጽሐፉ ቃል ጋር ይስማማል። ከዓመት በኋላ በ1611 ከአባቷ ጋር ይሠራ የነበረ ሰው የአርጤሚስያን ክብር ደፈረ። ነገሩ በ1612 በሮማ ፍርድ ቤት ሲታይ እውነት መናገሯን ለመፈተን ጣቶቿን በገመድ አስረው አጠበቁባት፤ እርሷም ቃሏን አልለወጠችም። ተከሳሹ ሳይሆን ከሳሺቱ ተሠቃየች። የሶስና ታሪክ በባቢሎን ብቻ የቀረ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል፤ በየወረዳው ሽምግልና የሚቀመጡ አባቶችም ይህን ነገር ቢያስቡት መልካም ነው።

ከሶስና ቀጥሎ የምናስታውሳት ማርያም መግደላዊት ናት። በወንጌል እንደ ተጻፈው ጌታ ሰባት አጋንንት ያወጣላት፣ በገንዘቧ ያገለገለችው፣ በመስቀሉ አጠገብ የቆመች፣ ትንሣኤውንም አስቀድማ አይታ ለሐዋርያት ያበሠረች ናት። ጋለሞታ ነበረች የሚል ቃል በወንጌል የለም። በ591 ግን የሮማው ፓፓ ጎርጎርዮስ በስብከታቸው በስምዖን ቤት በእንባዋ የጌታን እግር ያጠበችውን ኀጢአተኛ ሴትና መግደላዊትን አንዲት ሴት አድርገው አስተማሩ። ምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ይህን አልተቀበሉም። በምዕራብ ግን ከስብከቱ የተነሣ ሥዕል ተወለደ፤ ሥዕሉም ለሺህ ዓመታት ስብከቱን መልሶ ሰበከ። አንዳንዶች በቅንነት ሣሏት፤ ዶናቴሎ በእንጨት ቀርጾ የሠራት መግደላዊት በጾም የከሳች፣ ጥርሷ የረገፈ፣ እጇን ለጸሎት ያቀረበች ባሕታዊት ናት፤ የእኛ መነኮሳይያት ቢያዩዋት እኅታችን ይሏት ነበር። ነገር ግን ቲሲያን በ1530ዎቹ የሣላት መግደላዊት ወደ ሰማይ እያየች ታለቅሳለች፤ ወርቃማ ጠጉሯም ከሰውነቷ የሚሸፍነው ጥቂቱን ብቻ ነው። ገዢው ንስሓና ዝሙትን በአንድ ዋጋ ገዛ። በ2016 የሮማ ቤተ ክርስቲያን የመግደላዊትን መታሰቢያ ከፍ አድርጋ ከሐዋርያት በዓላት ጋር እንዲስተካከል አደረገች፤ የሠዓልያኑ መግደላዊት ግን በየቤተ መዘክሩ ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለች ናት። አንድ የተሳሳተ ቃል በመጽሐፍ ቢጻፍ በእርማት ይስተካከላል፤ ሥዕል ሲሆን ግን እርማቱ እጅግ ይዘገያል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ እናልፈዋለን። በሆላንድ በ1600ዎቹ ሠዓልያን የቤት ሴቶችን መሣል ጀመሩ፤ ቬርሜር በ1660 አካባቢ ወተት የምትቀዳ አንዲት የቤት ሠራተኛ ሣለ። ሴቲቱ ዐይኗን ከሥራዋ አላነሣችም፤ ተመልካችን አትፈልግም። ሁሩሙ ላይ ጠዋት ቡና የምትቀዳ እናት እንዲህ ብትሣል ኖሮ ብለን ተመኝተናል። በ1865 በፓሪስ የማኔ ሥዕል ለሕዝብ ሲታይ ታላቅ ጩኸት ተነሣ፤ ራቁቷን የተኛችው ሴት ጋለሞታ መሆኗ ብቻ ሳይሆን፣ ያለ ኀፍረት ተመልካቹን ቀጥ አድርጋ ማየቷ አስቈጣቸው። ራቁት አማልክትን በየዓመቱ ያደንቁ የነበሩ ሰዎች ሲታዩ ታወቁ። በ1907 ፒካሶ የሴቶችን አካል እንደ ተሰበረ ገል ቈራርጦ ሣለ። ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁሉ በእኛ ልብ የቀረችው ግን የጀርመኗ ካቴ ኮልቪትስ ናት። በ1914 ልጇ በጦር ሜዳ ከሞተባት በኋላ ልጆቻቸውን የሚያቅፉና የሚያለቅሱ እናቶችን ስትሥልና ስትቀርጽ ኖረች። የሞተ ልጇን በጉልበቷ መካከል ይዛ የተቀመጠችው እናት ምስል ከ1993 ጀምሮ በበርሊን ለጦርነት ሙታን መታሰቢያ ሆኖ ቆሟል። ያችን እናት አይቶ ስለ ውበቷ የሚናገር ሰው የለም።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። የምዕራብ ሥዕል ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ዛሬ በማተሚያ መኪና አይደለም፤ አባቶቻችንም ለዚህ ነገር እንግዶች አልነበሩም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የእመቤታችን በዓላት ተደንግገው ተአምረ ማርያም በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሲታዘዝ ሥዕሏም በየአድባራቱ በዛ፤ በጣና ዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው የፍሬ ጽዮን ሥራ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ኒቆሎ ብራንካሌዎን የሚባል የቬኔስያ ሰው መጥቶ ከ40 ዓመት በላይ በሀገራችን እየሣለ ኖረ። ይህ ሰው በአትሮንስ ማርያም ጌታን በእናቱ በግራ ክንዷ ላይ አድርጎ ቢሥል፣ ግራ እጅ የተናቀ ነውና ሕዝቡ ታላቅ ሁከት አስነሣ ተብሎ ተተርኳል። አንዳንድ የውጭ ጸሐፍት በዚህ ይሥቃሉ። እኛ ግን የሕዝቡን ቊጣ እናከብረዋለን፤ የአንዲት እጅ አቀማመጥ ትምህርት እንደ ሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ነበርና።

ከዚህ የሚበልጠው ታሪክ ከመቶ ዓመት በኋላ የሆነው ነው። በሮማ በእመቤታችን ስም በታነጸው በዚያው በታላቁ ቤተ ክርስቲያን የምትገኘውን፣ ቅዱስ ሉቃስ ሣላት የሚባለውን ሥዕል ኢየሱሳውያን ከ1569 ጀምሮ እያስገለበጡ ወደ ሚስዮኖቻቸው ሁሉ ይልኩ ነበር፤ በ1600 አካባቢም ወደ ሀገራችን ደረሰች። ከዚያ በኋላ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት የፈሰሰውን ደም ሁሉም ያውቀዋል። እናታችን ወለተ ጴጥሮስ ባሏንና ቤቷን ትታ ስለ ተዋሕዶ የተሰደደችው፣ ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ገድሏ የተጻፈው በዚህ ተጋድሎዋ ነው። በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖት ተመለሰ፤ ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያንን ከሀገር አስወጡ። ሰዎቹ ሄዱ፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። አባቶቻችን የሮማን ትምህርት ሲመልሱ የሮማን ሥዕል አላቃጠሉም፤ መረመሯት እንጂ።

መርምረውም ምን አደረጉ? የተሻገሩትን እጆቿን፣ በእጇ የያዘችውን መሐረብ፣ ልጇ በእጁ የያዘውን መጽሐፍ ተቀበሉ፤ ይህ ሁሉ ከጥንቱ ሥርዓት ጋር የሚስማማ ነውና። መልኳን የሀገራቸውን ሰው መልክ አስመሰሉት፤ ዐይኖቿንም እንደ ልማዳቸው አስፍተው ወደሚለምናት ሰው መለሱ። በግራና በቀኝ ቅዱስ ሚካኤልንና ቅዱስ ገብርኤልን ሰይፋቸውን መዝዘው አቆሙ። ልጇ በግራ ክንዷ ላይ መሆኑንም፣ በአትሮንስ ማርያም ሁከት ያስነሣውን ያንኑ ነገር፣ አሁን በትምህርት ተቀበሉት፤ እርሱ በግራዋ ከሆነ እርሷ በቀኙ ትሆናለች፤ በ44ኛው መዝሙር ንግሥቲቱ በንጉሡ ቀኝ እንደምትቆም ተነግሯልና። ምስለ ፍቁር ወልዳ ብለን የምንጠራት የጎንደር ዘመን ሥዕል እንዲህ ሆና ጸናች። ሊቃውንቱ ከሠዓሊው ጐን ቆመው ባይሠሩ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር።

የእቴጌ ምንትዋብንም ነገር ማንሣት ይገባናል። እቴጌ የዐፄ በካፋ ባለቤትና የዐፄ ኢያሱ ዳግማዊ እናት ነበሩ፤ ሀገርንም በእንደራሴነት አስተዳድረዋል። በጣና በደቅ ደሴት ላይ ባሠሩት በናርጋ ሥላሴ ሥዕላቸው አለ። በእመቤታችን እግር ሥር፣ ከነልብሰ መንግሥታቸው በግንባራቸው ተደፍተው ይታያሉ። ውበታቸው በዘመናቸው የተነገረ እቴጌ ነበሩ፤ የሥዕሉም ወጪ ከእርሳቸው ግምጃ ቤት ነው። ይሁን እንጂ ማንም የእቴጌይቱን መልክ ለእመቤታችን ልስጥ አላለም። ፈረንሳዊው የንጉሡን ዕቁባት በዙፋን ላይ አስቀመጠ፤ የኛ ሠዓሊ ንግሥቲቱን ከዙፋኑ በታች አስቀመጠ። ስለ ሁለቱ ሀገሮች የሥዕል ሥርዓት ልዩነት ከዚህ የበለጠ ብንጽፍ ወረቀት ማባከን ይሆናል።

እንግዲህ በሁሩሙ ገበያ የሚሸጠው ሥዕል የየትኛው ልጅ ነው? አብዛኛውን ጊዜ የጎንደርም የፉኬም አይደለም፤ የሁለት የኋላ ዘመን ሠዓልያን የልጅ ልጅ ነው። አንዱ በ1600ዎቹ የነበረው ኢጣልያዊው ሳሶፌራቶ ነው፤ እመቤታችንን ያለ ልጇ፣ እጇን ለጸሎት አጋጥማ፣ ዐይኗን ሰብራ ደጋግሞ ሣላት። ሁለተኛው በ1905 የሞተው ፈረንሳዊው ቡግሮ ነው፤ በ1870ዎቹ በአንድ ብሩሽ እመቤታችንንም ሣለ፣ ቬኑስ የምትባለውን የአሕዛብ ጣዖትም ራቁቷን ሣለ፤ የሁለቱም ቆዳ እንደ ሰም የለሰለሰ፣ መልካቸውም የእኅትማማቾች ነው። የማተሚያ መኪናው እነዚህን የመሳሰሉትን እያጣፈጠ፣ ጠጉሩን እያወረቀ፣ ከንፈሩን እያቀላ አብዝቶ ወደ ዓለም ሁሉ ላካቸው።

እነዚህ ሥዕላት ነውር አለባቸው አንልም፤ ተሸፍነዋል፤ የሚጸልዩም ናቸው። በእነርሱ ፊት እያለቀሰች የጸለየችን እናት እግዚአብሔር እንደ ሰማ አንጠራጠርም። ነገር ግን ሁለት ነገር ያሳስበናል። የመጀመሪያው ልጇ በእቅፏ አለመኖሩ ነው። በእኛ ዘንድ እመቤታችን የምትከበረው ስለ ልጇ ነውና፣ በብሥራት፣ በስቅለትና በዕርገት ታሪክ ካልሆነ በቀር ብቻዋን ማቆም ትምህርቱን ያጐድላል። ሁለተኛው የመልኩ ነገር ነው። ወርቃማ ጠጉርና ሰማያዊ ዐይን ያላትን እመቤት ብቻ እያየች ያደገች የሁሩሙ ልጅ ቅድስና የሌላ ሀገር ሰው መልክ ነው ብላ ብታስብ ማን ይፈርድባታል? ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልኳ የምታያቸው ሴቶች ሁሉ እንደ ቲንቶሬቶ ሶስና በመስተዋት ፊት የተቀመጡ ናቸው። በአንድ በኩል ልትመስላት የማትችል እመቤት፣ በሌላ በኩል ልትመስላት የማይገባ ሴት ቆመውባታል። የእናቷን መልክ የሚመስል መልክ፣ የሚያያትና የሚሰማት ዐይን ያለው ሥዕል በቤተ ክርስቲያኗ ብታገኝ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅማታል። ስለ ክርስቶስ ሠምራና ስለ ወለተ ጴጥሮስም ሥዕል እንዲሁ ነው፤ በዚህ ሀገር በጥቂት ቦታ ካልሆነ አይታዩም።

ስለዚህ ካህናት ወንድሞቻችን የስእለት ሥዕል ሲመጣላቸው እናቲቱን ሳያሳዝኑ ይቀበሉ፤ ከምስለ ፍቁር ወልዳ ሥርዓት ጋር የማይስማማውንም በመቅደሱ ግድግዳ ሳይሆን ለቤቷ ጸሎት እንድትይዘው ይምከሯት። የጽዋ ማኅበራትም በየዓመቱ ለብዙ ወረቀትና መስተዋት የሚያወጡትን ገንዘብ በአንድነት አጠራቅመው ሥርዓቱን ከተማረ ሠዓሊ አንድ ሥዕል ቢያሠሩ ይሻላል። አቡጀዲው ለዚህ አየር አይስማማም፤ እንጨት ግን ኢሉባቦር አላጣም። አባቶቻችን ሥዕለ አድኅኖ ሲያሠሩ ከመረጧቸው እንጨቶች አንዱ ዋንዛ ነው፤ ዋንዛም በሁሩሙ ደጃፍ ይበቅላል። ሳንቃው በጥላ ሥር ቀስ ብሎ ይድረቅ፤ ቀለሙ በበጋው ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይቀባ፤ ሲሰቀልም ከግድግዳው ጥቂት ራቅ ብሎ ነፋስ በስተኋላው እንዲያልፍ ይደረግ፤ የክረምቱ እርጥበት የሚገባው ከግድግዳው በኩል ነውና።